ኪሳተን፦ የጃፓን የድሮ ቡና መጠጫ ቤቶች

ኪሳተን የጃፓን የድሮ ቡና መጠጫ ቤት ነው። ብዙውን ጊዜ ቤቱ ጠባብ ነው። ባንኮኒው ጋ አምስት ስድስት ወንበር፣ ግድግዳው ሥር ጥቂት ጠረጴዛ፣ ቀይ የቬልቬት ሶፋ፣ ደብዘዝ ያለ መብራት። ቡናውን የሚያፈላው ባለቤቱ ራሱ ነው። ደንበኞች «ማስተር» ይሉታል። ባለቤቱ ከሚስቱ ጋር ብቻ የሚያንቀሳቅሰው ቤትም ብዙ ነው።

ገብታችሁ እንደተቀመጣችሁ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃና እርጥብ የእጅ ፎጣ ይመጣላችኋል። ይሄ አይከፈልበትም። ከዚያ ቡና ይታዘዛል። የምግብ ዝርዝሩ ከከተማ ከተማ ብዙም አይለያይም፦ ወፍራም ቶስት፣ የእንቁላል ሳንድዊች፣ በኬቻፕ የተጠበሰ ስፓጌቲ፣ ላዩ ላይ አይስክሬም የተንሳፈፈበት አረንጓዴ ሶዳ። የቡናው ዋጋ ከትልልቆቹ የካፌ ኩባንያዎች ሊበልጥ ይችላል። ውድ ነው የሚል ሰው ግን የገዛውን ነገር በደንብ አላየውም። የሚከፈለው ለመቀመጫውና ለጸጥታውም ጭምር ነው። አንዲት ስኒ ይዞ አንድ ሰዓት ሙሉ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው «ሌላ ምን ልጨምር?» ተብሎ አይዋከብም። የከተማ ቤት ጠባብ በሆነበት አገር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሻጮች በሥራ መሃል አረፍ የሚሉት፣ ነጋዴዎች የሚዋዋሉት፣ ደራሲዎች ለአሳታሚ ረቂቅ የሚያስረክቡት እዚህ ነበር።

የመጀመሪያው የሚባለው ቤት በእ.ኤ.አ. 1888 ቶኪዮ ኡዌኖ ሰፈር ተከፈተ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ ካሂ ቻካን ነበር። የከፈተው ቴይ ኤይኬይ አሜሪካ ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው። ሐሳቡ ሰፊ ነበር። ጋዜጣና መጽሐፍ ደረደረ፣ የቢሊያርድ ጠረጴዛ አስገባ፣ ተራው ሰው እየተጨዋወተ የሚማርበት ቦታ እንዲሆን ፈለገ። ግን ጊዜው ገና ነበር። ቡናው ለብዙው ሰው እንግዳ ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም። ቤቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሰረ። ቴይ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ሲያትል ውስጥ አረፈ። የጀመረው ነገር የት እንደደረሰ ሳያይ መሞቱ ያሳዝናል።

ቡናን ለተራው ሕዝብ ያደረሰው ነገር ስደት ነው። በ1908 ካሳቶ ማሩ የተባለችው መርከብ የመጀመሪያዎቹን ጃፓናውያን ስደተኞች ወደ ብራዚል ወሰደች። የሄዱት በቡና እርሻ ላይ ሊሠሩ ነው። ጉዞውን ያደራጀው ሚዙኖ ርዮ ነበር። የሳኦ ፓውሎ መንግሥት ለዚህ ውለታና ገበያውን ለማስተዋወቅ ብሎ ቡና በነጻ ሰጠው። ሚዙኖም በ1911 ጊንዛ በሚባለው የቶኪዮ ሰፈር ካፌ ፓውሊስታን ከፈተ። ፍሬው በነጻ ስለመጣ ስኒውን በርካሽ መሸጥ ቻለ። ተማሪው፣ ጋዜጠኛው፣ ደራሲው ሁሉ እዚያ ተሰበሰበ። ሌሎች ከተሞች ላይም ቅርንጫፎች ተከፈቱ። እዚያች ስኒ ውስጥ የስደተኞቹ ላብ እንዳለ ሲታሰብ ነገሩ ቀላል ታሪክ አይደለም።

በ1920ዎቹና 30ዎቹ «ካፌ» የሚባሉት ብዙዎቹ ቤቶች መጠጥ ወደሚሸጡበትና አስተናጋጆች ከወንድ ደንበኞች ጋር ተቀምጠው ወደሚያጫውቱበት ሥራ ዞሩ። ቡና ብቻ የሚሸጡት ደግሞ ከነሱ ለመለየት «ጁንኪሳ»፣ ማለትም ንጹሕ ኪሳተን ተባሉ። ስያሜው ዛሬም በየበሩ ላይ ይነበባል። ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ቡና ማስገባት ቆመ። ሰዉ ከአኩሪ አተርና ከመሳሰሉት በተሠራ ምትክ ቡና ከረመ። እውነተኛው ቡና እንደገና መግባት የጀመረው በ1950 ነው፣ በ1960 ደግሞ ጥሬ ቡና ከውጭ ማስገባት ነጻ ሆነ። ከዚያ በኋላ ኪሳተን እንደ እንጉዳይ ፈላ። በ1981 በመላ አገሪቱ ከ150,000 በላይ ነበሩ።

ከነዚህ ሁሉ የሚገርሙት የጃዝ ኪሳተኖች ናቸው። የውጭ ሸክላ ለተራ ሰው የማይደረስበት ዋጋ ነበረው። ባለቤቱ ሸክላውን ይገዛል፣ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ይተክላል፣ ደንበኛ በአንድ ስኒ ቡና ሒሳብ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። በአንዳንዶቹ ቤቶች ማውራት ክልክል ነበር። ዮኮሃማ ውስጥ በ1933 የተከፈተው ቺጉሳ ለብዙ ሙዚቀኞች ትምህርት ቤት ሆኗል። ፒያኒስቷ ቶሺኮ አኪዮሺ አሜሪካ ሄዳ ስሟ ከመግነኑ በፊት እዚያ እየተቀመጠች ሸክላ ታዳምጥ ነበር። ለክላሲካል ሙዚቃ የተለዩም አሉ። በ1926 ቶኪዮ ሺቡያ ሰፈር የተከፈተው ላዮን እስካሁን ወንበሮቹን ወደ ድምፅ ማጉያው አዙሮ ደንበኛ ይቀበላል።

ናጎያና አካባቢዋ ደግሞ በቁርስ ይታወቃሉ። ጠዋት ቡና ያዘዘ ሰው ቶስትና የተቀቀለ እንቁላል ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያገኛል። «ሞርኒንግ» ይሉታል። ልማዱ በ1950ዎቹ እንደተጀመረ ይነገራል። ናጎያ አጠገብ ያለችው ኢቺኖሚያ የሽመና ከተማ ነበረች። ፋብሪካው ውስጥ በማሽኑ ጩኸት መነጋገር አይቻልም። ስለዚህ ባለፋብሪካዎቹ ደንበኞቻቸውን ወደ ኪሳተን እየወሰዱ ይዋዋሉ ጀመር። ባለቤቶቹም ማለዳ ለሚመጣ ደንበኛ እንቁላልና ኦቾሎኒ ጣል ማድረግ ለመዱ። ጎረቤት ካደረገ ሌላውም ማድረጉ አይቀርም። ዛሬ ቶስቱ ላይ የላመ ጣፋጭ ቀይ ባቄላ የሚቀቡ ቤቶች አሉ፣ ሰላጣና ሾርባ የሚጨምሩም አሉ።

አሁን ወደ አፈላሉ እንምጣ። ብዙ ቤቶች ሳይፎን በሚባል የመስታወት ማፍያ ያፈላሉ። የጥንት ማስተሮች ኩራት ግን የፍላኔል ጨርቅ ማጣሪያ ነው። የእንጨት እጀታ ያለው ትንሽ ከረጢት ነው። ጨርቁ እንዲደርቅ አይፈቀድም። ከደረቀ ውስጡ የቀረው የቡና ቅባት ይበላሽና ለሚቀጥለው ስኒ መጥፎ ሽታ ይሰጠዋል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። ጠዋት ታጥቦና ተጨምቆ ይወጣል። በደንብ የጠቆረ ቡና ሸካራ ተደርጎ ይፈጫል። መጠኑ ብዙ ነው፤ ከአንድ ትንሽ ስኒ ጋር የማይመጣጠን ይመስላል። ውሃው የፈላ አይደለም፣ በረድ ያለ ነው። ማስተሩ አፉ ቀጭን የሆነ ማንቆርቆሪያ ያነሳና መሃሉ ላይ ጠብ፣ ጠብ ያደርጋል። ቡናው ቀስ ብሎ ያብጣል። ይጠብቃል። ከዚያ ውሃውን እንደ ክር አቅጥኖ እያዞረ ያፈሳል። ከሥር የሚወርደው ወፈር ያለ፣ ምረቱ የለሰለሰ ቡና ነው። ደንበኛው ይሄን ሁሉ ባንኮኒው ጋ ተቀምጦ ያያል። የማይቸኩል እጅ ማየት በራሱ ያሳርፋል።

በዚህ ሥራ ስማቸው ከሚነሳው አንዱ ኢቺሮ ሴኪጉቺ ናቸው። ጊንዛ ላይ ካፌ ደ ላምብርን በ1948 ከፈቱ። ጥሬ ቡናን ለዓመታት እያስቀመጡ በማቆየት ይታወቁ ነበር። በ2018 በ103 ዓመታቸው አረፉ፤ እስከ እርጅናቸው ድረስ ከሱቁ አልራቁም።

የእኛም ቡና እዚያ አለ። ኪሳተን ውስጥ የቡና ዝርዝር ሲነበብ «ሞካ» ከሚለው ስም አጠገብ ሐረር፣ ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌ ይመጣል። ሞካ የየመን ወደብ ነው፤ የኢትዮጵያም ቡና በዚያው ስም ሲሸጥ ኖረ። ሽታውንና የፍራፍሬ ጣዕሙን የሚያደንቁ ማስተሮች ብዙ ናቸው። በ2008 ግን ክፉ ጊዜ መጣ። የጃፓን ጤና ሚኒስቴር በኢትዮጵያ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘ። ጭነት ሁሉ ይመርመር ተባለ፣ ወደ ጃፓን የሚሄደው ቡናም ክፉኛ አሽቆለቆለ። በጊዜው ከተጠረጠሩት ነገሮች አንዱ ቡናው የተሞላበት ጆንያ ነበር። መድኃኒት ረጭቶ የማያውቅ ገበሬ በጆንያ ምክንያት ገበያ ሲያጣ ማሰብ ያንገበግባል። ደግነቱ ሞካ ከዝርዝሩ ጠፍቶ አልቀረም።

ኪሳተኖቹ ራሳቸው ግን እየተመናመኑ ነው። በ1980 ዶቶር የተባለው የካፌ ኩባንያ ቡናን በ150 የን ይሸጥ ጀመር። በ1996 ስታርባክስ ጊንዛ ላይ ተከፈተ። በ2013 ሰቨን ኢለቨን የተባለው የሱቆች ኩባንያ በየሱቁ ማሽን አቁሞ በ100 የን አቀረበ። በ2016 የቀሩት ከ70,000 በታች ነበሩ። ከውድድሩ ይልቅ የሚጎዳቸው ግን እርጅና ይመስለኛል። ማስተሩ ያረጃል፣ ልጁ የቢሮ ሥራ ይዟል፣ ሕንፃው ይፈርሳል። ካትሱጂ ዳይቦ ቶኪዮ ውስጥ ከ1975 ጀምሮ በእጅ ሲቆሉ የኖሩበት ስመ ጥር ቤት በ2013 የተዘጋው ሕንፃው ሊፈርስ ስለሆነ ነው። በ2020 ደግሞ ቤት ውስጥ ማጨስን የሚገድበው ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ጭሱ የበዛባቸው ቤቶች መልካቸው ተለወጠ። ለሳንባ መልካም ነው፤ አንዳንድ የቆየ ደንበኛ ግን አኩርፏል።

እውቀቱ ግን ድንበር ተሻግሯል። ብሉ ቦትል የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ የመሠረተው ጄምስ ፍሪማን ከኪሳተን ብዙ እንደተማረ ይናገራል። የጃፓኑ ሃሪዮ የሚሠራው ቪ60 ማጣሪያም አዲስ አበባ ባሉ አንዳንድ አዳዲስ የቡና ቤቶች ባንኮኒ ላይ ይታያል። ጃፓን ውስጥም የአያቶቻቸውን ዘመን ሶፋና አረንጓዴ ሶዳ ፈልገው የሚመጡ ወጣቶች በዝተዋል። የዮኮሃማው ቺጉሳ በ2007 ተዘግቶ ነበር። የድሮ ደንበኞቹ ሸክላዎቹን ጠብቀው አቆዩ፣ ቤት ፈልገው ተከራዩ፣ በ2012 ራሳቸው መልሰው ከፈቱት።