የተቻላትን አደረገች

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ትምህርት ከሕንድ ይነሣል። አትደንግጡ፣ የሂንዱዎችን አምላክ ሺቫን አምልኩ ልላችሁ አይደለም። ጌታችንም የነነዌን ሰዎችና የደቡብን ንግሥት እየጠቀሰ የቅርቦቹን ገሥጿል።

ታሪኩን የላከችልኝ አረብ አገር የምትሠራ እኅታችን ናት። አብራት የምትኖር ሕንዳዊት ነገረቻት። «መስማቱ ኃጢአት ይሆንብኛል?» ትላለች እኅታችን። አይሆንብሽም፤ እኔም ደስ ብሎኝ ሰምቻለሁ።

በደቡብ ሕንድ፣ በአንድራ ፕራዴሽ፣ ስዋርናሙኪ በሚባል ወንዝ ዳር የስሪካላሃስቲ ቤተ መቅደስ አለ። እኛ አራቱ ባሕርያት እንደምንለው ሂንዱዎች አምስት ይቆጥራሉ። እዚህ ሺቫ የሚመለከው ከአምስቱ በአንዱ፣ በነፋስ ነው።

አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው። ሸረሪት፣ እባብና ዝሆን በየፊናቸው ሺቫን ያገለግሉ ነበር። ሸረሪቷ ድሯን ታለብሰዋለች። እባቡ ዕንቍ ያኖርለታል። ዝሆኑ በኩምቢው ውሃ አምጥቶ ያጥበዋል። ታዲያ ዝሆኑ የሌሎቹ ስጦታ ቆሻሻ መስሎት ይጠርገዋል። እባቡ ተናዶ ኩምቢው ውስጥ ገባ፤ ተያይዘው ሞቱ።

የአዳኙ የካናፓ ታሪክ ደግሞ ይብሳል። ሰውየው ሥርዓት የሚባል አያውቅም። ውሃውን በአፉ ይዞ ይመጣል። አበባውን ፀጉሩ ላይ ሰክቶ ያመጣል። የከርከሮ ሥጋውን ቀምሶ፣ የጣፈጠውን መርጦ ያቀርባል። ካህኑ ጠዋት ሲመጣ መቅደሱ ረክሶ ያገኘዋል። እያዘነ ያጥባል። በሕልሙ «ተደብቀህ ተመልከት» ተባለ። ቢመለከት፣ ከጣዖቱ ዓይን ደም ይፈስሳል። አዳኙ የገዛ ዓይኑን በፍላጻ አውጥቶ ተከለበት። ደሙ ቆመ። ሁለተኛው ዓይን መድማት ጀመረ። ሲታወር ቦታው እንዳይጠፋው በእግሩ ረግጦ ምልክት አደረገና ቀሪ ዓይኑን ሊያወጣ ሲል ሺቫ አስቆመው ይላሉ።

ሰው ሁሉ አዳኙን ያደንቃል። እኔን የያዘኝ ካህኑ ነው። አጥቦ የጣለው የፍቅር ስጦታ ነበር።

ማርቆስ 14ን ክፈቱ። ሴቲቱ ሽቱውን በጌታ ራስ ላይ ስታፈስስ የተቆጡት እዚያው የነበሩ ናቸው። ሦስት መቶ ዲናር ብለው ዋጋ ያወጡለትም እነሱ ናቸው። ጌታ ግን «ተዉአት» አለ። ቀጥሎም «የተቻላትን አደረገች»። ይህችን ቃል እንዴት እንደምወዳት! የሚገባውን አደረገች አላለም። እንደ ደንቡ አደረገች አላለም። የተቻላትን። እኔ የተቻለኝን አድርጌ አውቃለሁ? እናንተስ?

የካቲት 16 የበላዔ ሰብእን ታሪክ ሰምተን እልል ብለናል። ጥርኝ ውሃ! በእመቤታችን ስም ለተጠማ የሰጣት ጥርኝ ውሃ ሚዛን ደፋች ብለን አጨበጨብን። እዚያው ግቢ፣ በዚያው ቀን፣ ከገጠር የመጣች አንዲት እናት ነጠላዋን በመስቀለኛ አልለበሰችም ተብላ ተጮኸባት። ጧፍና ዕጣኗን በፌስታል ይዛ ነበር። ፌስታሉን በር ላይ ጥላ ሄደች። የጮኹባት ደግሞ ከእኛው ጉባኤ ናቸው። ልቤ እስካሁን አላረፈም።

ሥርዓት ይቅር አላልኩም። ሥርዓታችንን እወዳለሁ፣ አስተምራለሁም። ግን ማስተማር ሌላ፣ ማዋረድ ሌላ። ነጠላውን ጠጋ ብሎ ማስተካከል ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ያ ካህን እንኳ ከመፍረዱ በፊት እንዲያይ ሲነገረው አይቷል። እናንተ ከየት እንደመጣች አልጠየቃችኋትም።

የሚያውቃት ካለ ያፈላልግልን። የጮኻችሁባት እናንተው ሂዱ፣ ይቅርታ ጠይቃችሁ ይዛችኋት ኑ።