ከኋላ የሚቀመጠው ሰው፦ በወታደራዊ ሄሊኮፕተር ተሳፍሮ መብረር

ስለ ወታደራዊ ሄሊኮፕተር የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ማሽኑና ስለ አብራሪው ነው። ፍጥነቱ፣ ትጥቁ፣ ስንት ኪሎ እንደሚያነሳ። ከኋላ ሻንጣውን ጉልበቱ ላይ አቅፎ ስለሚሄደው ሰው በአማርኛ የተሰናዳ ነገር ማግኘት ግን ይከብዳል። ይሄ ዳሰሳ ስለሱ ነው። ወታደር ይሁን፣ ቁስለኛ፣ ጋዜጠኛ ወይም የእርዳታ ሠራተኛ፣ ከኋላ ከተቀመጠ ጣጣው ያው ነው።

መጀመሪያ ላይ ተሳፋሪ የሚባል ነገር እምብዛም አልነበረም። ሄሊኮፕተር በጦር ሜዳ ሰው ያወጣበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1944 በበርማ የሆነው ነው። ያኔ የተላከው ሲኮርስኪ አር-4 የሚባል ትንሽ ሄሊኮፕተር ከአብራሪው ሌላ መጫን የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ስለነበር አራት ሰዎችን ለማውጣት መመላለስ ግድ ሆነ። በኮሪያ ጦርነት ደግሞ ቁስለኛው የሚጓዘው ከሄሊኮፕተሩ ውጪ ነበር። በትንሿ ቤል 47 ግራና ቀኝ፣ ከማረፊያ እግሮቿ በላይ በታሰረ ቃሬዛ ላይ። እ.ኤ.አ. በ1956 የእንግሊዝ ባሕር ወለድ ወታደሮች ከመርከብ ተነስተው በሄሊኮፕተር የግብፅ ወደብ ፖርት ሰይድ ገቡ። ፈረንሳዮችም በአልጄሪያ በሰፊው ተጠቅመውበታል። ከዚያ የቬትናም ጦርነት መጣና ሂዩይ የምትባለው የአሜሪካ ሄሊኮፕተር ሁሉንም ሸፈነችው። ወደ 7,000 የሚጠጉ ሂዩዮች እዚያ እንደበረሩ ይነገራል። በሮቿ ክፍት ናቸው፣ ወታደሩ እግሩን ወደ ውጪ አንጠልጥሎ ይቀመጣል። ያ ከሩቅ የሚሰማው «ዋፕ ዋፕ» የሚል ድምፅ የባለ ሁለት መቅዘፊያ ፕሮፔለሯ ነው።

አሁን ወደ ሶቪየት ሠራሹ ሄሊኮፕተር ወደ ሚ-8 እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በዓለም ላይ ብዙ ሰው የሚሳፈርበት ወታደራዊ ሄሊኮፕተር ምናልባት እሱ ነው። የሂዩይ ወዳጆች ይህን ላይቀበሉ ይችላሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፣ ከነታናሽ ወንድሙ ከሚ-17 ጋር ከ12,000 በላይ ተሠርቷል፣ ዛሬም ይመረታል። ሁለቱን ለመለየት የጭራውን ፕሮፔለር ማየት ይበቃል። በቀኝ ከሆነ የቀድሞው ሚ-8፣ በግራ ከሆነ ሚ-17 ወይም ዘመድ አዝማዱ ነው።

መግቢያው በግራ በኩል ከፊት ያለው ተንሸራታች በር ነው። ዝቅ ብለህ ነው የምትገባው፣ አለበለዚያ ግንባርህን ትመታለህ። ውስጡ ግራና ቀኝ በግድግዳው የተደረደሩ ታጣፊ መቀመጫዎች አሉ፣ 24 ሰው ይይዛል። ፊት ለፊት እየተያያችሁ ጎን ለጎን ነው የምትጓዙት። መሐል ላይ ጭነት ይከመራል። አንዳንዴ አጠገብህ ያለው ትልቅ በርሜል መሳይ ነገር ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ ነው፣ እና አዎ፣ ሽታው ይመጣል። መስኮቶቹ ክብ ናቸው፣ የሚከፈቱም አሉ። በሙቀት ሰዓት እንደዚያች መስኮት የሚወደድ ነገር የለም።

ሁሉን የሚያስተዳድረው የበረራ ቴክኒሻኑ ነው። ተሳፋሪ ሁሉ አብራሪውን ያመሰግናል፣ እኔ ግን የሱ ወገን ነኝ። ጭነቱን የሚያስተካክለው፣ ቀበቶህን የሚያይልህ፣ በሩን የሚዘጋው እሱ ነው። ከዚያ በሁለቱ አብራሪዎች መሐል ባለችው ታጣፊ ወንበር ይቀመጣል። ክብደትህን ከነሻንጣህ ቢጠይቅህ አትቀየም። ቦታው ከፍ ሲልና ሙቀቱ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ሄሊኮፕተሩ የሚያነሳው ክብደት ይቀንሳል። በጣም ሲከብደው ቀጥ ብሎ አይነሳም፣ እንደ አውሮፕላን በጎማው ተንደርድሮ ነው የሚነሳው። ይሄን የማያውቅ ሰው የተበላሸ ይመስለዋል።

ሞተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣው ጩኸት ነው። በወታደራዊ ሄሊኮፕተር ውስጥ ድምፁ ብዙ ጊዜ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል፣ በዚያ መጠን ደግሞ ጆሮ ያለ መከለያ ሩብ ሰዓት እንኳ መቆየት የለበትም። ስለዚህ ቡሽ ወይም የጆሮ መከለያ ግዴታ ነው። ወሬ በምልክት ነው። ቀጥሎ ንዝረቱ። የሚ-8 ባለ 5 መቅዘፊያ ፕሮፔለር በደቂቃ 192 ጊዜ ገደማ ስለሚዞር በሰከንድ 16 ጊዜ ያህል መቅዘፊያ ከራስህ በላይ ያልፋል ማለት ነው። ጥርስህ ድረስ ይሰማሃል። ባለበት ከተንሳፈፈበት ወደ ፊት መሄድ ሲጀምር፣ በሰዓት ከ30 እስከ 45 ኪሎ ሜትር ላይ፣ አንድ ጊዜ ይንገጫገጭና ቀለል ብሎት ከፍ ይላል። ይሄም ጤነኛ ነገር ነው።

በረሃ ላይ ማረፍ ግን ሌላ ነው። ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር አቧራውን አንስቶ ሁሉን ነገር ያለብሰዋል፣ አብራሪው መሬቱን ማየት ያቆማል። ብዙ አደጋ የደረሰው በዚህች ሰዓት ነው። ሞተር ቢጠፋ ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚገምተው እንደ ድንጋይ አይወድቅም። ከታች የሚመጣው አየር ፕሮፔለሩን ማዞሩን ስለሚቀጥል፣ በቂ ከፍታና ፍጥነት ካለ አብራሪው መርቶ ሊያሳርፈው ይችላል። ውሃ ላይ ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው። ሞተሩና ማርሹ ከላይ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። በባሕር ላይ የሚበርሩ ወታደሮች ለዚህ በገንዳ ውስጥ ይሠለጥናሉ። በአንድ እጅ የመስኮቱን ጠርዝ ይዘህ፣ መገልበጡ እስኪቆም ጠብቀህ፣ ከዚያ ነው ቀበቶ የምትፈታው።

አቀራረብም ሕግ አለው። አብራሪው ከሚያይህ በኩል፣ ምልክት ሲሰጥህ፣ ዝቅ ብለህ። ኮፍያ በእጅ ይያዛል። ረጅም ነገር ትከሻ ላይ አይደረግም። ተዳፋት ላይ ከሆነ ከዳገቱ በኩል መቅረብ ክልክል ነው፣ እዚያ መቅዘፊያው ወደ መሬት ይቀርባል። ወደ ጭራው ፈጽሞ አይኬድም፣ የጭራው ፕሮፔለር ሲዞር አይታይም። ከላይ ፊትና ኋላ ሁለት ትልልቅ ፕሮፔለር ባለው የአሜሪካ ሄሊኮፕተር ቺኑክ ላይ ግን የጭራ ፕሮፔለር ስለሌለ ሰው የሚገባው በኋላ በር ነው።

ስትወርድ ከሻንጣህ ጋር ቁጢጥ ብለህ፣ ፊትህን ሸፍነህ እስኪነሳ ትጠብቃለህ። ድምፁ ከራቀ በኋላም ለጥቂት ደቂቃ ሁሉም ሰው እየጮኸ ነው የሚያወራው።