ከዓረብኛ ወደ ወሎ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ታሪክና ግጥም ድንበር የተሻገሩበት መንገድ

ደሴና ኮምቦልቻ በመኪና መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ የቆላው በር ናት። ከኮምቦልቻ የሚነሳው መንገድ በባቲ አልፎ ወደ አፋር፣ ከዚያም ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ይወርዳል። በዚህ አካባቢ ሁለት የመጻሕፍት ዓለማት ጎን ለጎን ኖረዋል። አንደኛው ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው፤ ሁለተኛው በቃሉና በአልቡኮ ወረዳዎች ያሉት የጋታና የጀማ ንጉሥ የእስልምና ትምህርት ቦታዎች ናቸው። አንዱ በግዕዝ፣ ሌላው በዓረብኛ ስለሚጽፍ የማይተዋወቁ ይመስላሉ። ነገር ግን በመካከለኛው ዘመንና ከዚያ ወዲህ ከውጭ ወደ ሁለቱም የገባው ታሪክ አብዛኛው የተሻገረው በአንድ ድልድይ ነው፤ ድልድዩም ዓረብኛ ነው። የወሎን ሥነ ጽሑፍ በሃይማኖት ከፍሎ ብቻ የሚያጠና ሰው ይህን ድልድይ ሳያየው ያልፋል።

የሐይቅ እስጢፋኖስን ትምህርት ቤት ያስፋፉት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1248 ወደ ሐይቅ ገብተው እስከ ዕረፍታቸው ድረስ ገዳሙን መርተዋል፤ በ1280 ወይም በ1281 ያስጻፉት አራቱ ወንጌል የተጻፈበት ዘመን ከሚታወቅ የግዕዝ መጻሕፍት እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። በአክሱም ዘመን መጻሕፍት የሚተረጎሙት ከግሪክ ነበር፤ ከ13ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ግን ተርጓሚዎች ፊታቸውን ወደ ግብጽ ክርስቲያኖች ዓረብኛ አዞሩ።

የዚህ ለውጥ ጉልህ ምስክር ተአምረ ማርያም ነው። መጽሐፉ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በዐፄ ዳዊት ዘመነ መንግሥት (1382–1413) ከዓረብኛ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ታሪኮች ግን መነሻቸው የምዕራብ አውሮፓ የላቲን ስብስቦች ናቸው። በመጀመሪያው ተአምር የሚነገርለት ደቅስዮስ የጥልጥልያ ጳጳስ ነው። ጥልጥልያ የስፔኗ ቶሌዶ ናት፤ ዓረቦች ጡለይጡላ ይሏታል። ደቅስዮስም በ667 ያረፈው የቶሌዶው ጳጳስ ኢልዴፎንሱስ ነው። ስሙ እንዲህ የተለወጠው ተርጓሚው ቸል ስላለ አይደለም። የዓረብኛ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አናባቢ ምልክት የለውም፤ ተነባቢዎቹም አንዱ ከሌላው የሚለዩት በነጥብ ነው። ገልባጩ ሰምቶት የማያውቀው የባዕድ ስም ሲገጥመው የሚተማመንበት ነገር የለውም። የታሪኩ ፍሬ ነገር ግን፣ እመቤታችን ለወዳጇ የሰጠችው ልብስና ወንበር፣ ያለፈቃድ የተቀመጠበትም ሰው የደረሰበት ቅጣት፣ ምንም ሳይጎድል ደርሷል።

ከዚህ የባሰ ጉዞ ያደረገው የበራላምና የይዋሴፍ ታሪክ ነው። መነሻው የቡድሃ ሕይወት ነው። ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዓረብኛ፣ ከዚያ ወደ ጆርጂያ ቋንቋና ወደ ግሪክ ሄዶ እንደገና ወደ ዓረብኛ ተመለሰ፤ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም በ1553 ለዐፄ ገላውዴዎስ ወደ ግዕዝ አዞሩት። ዕንባቆም ራሳቸው ከየመን የመጡ ሰው ናቸው። የባለታሪኩ የመጀመሪያ ስም “ቦዲሳትቫ” በዓረብኛ “ቡዳሳፍ” ተባለ። የዓረብኛው “በ” ከሥሩ አንድ ነጥብ አለው፤ “የ” ሁለት። በቃል መጀመሪያ ላይ በሌላ አይለያዩም። አንድ ነጥብ ስትጨመር ቡዳሳፍ ዩዳሳፍ ሆነ፤ ከዚያ የወረደው ስም ነው ግዕዝ ሲደርስ ይዋሴፍ የተባለው።

በእስልምናው ወገን ተሻጋሪው በዋናነት ግጥም ነው። መንዙማ በዜማ የሚባል የእስልምና ውዳሴ ግጥም ነው፤ ቃሉ “ነዝም” ከሚለው ዓረብኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙ ዶቃን በክር እንደመሰካት ያለ ድርደራ፣ በግጥም የተሰናዳ ንግግር ማለት ነው። በ1806 ወይም በ1807 ያለፉት የጀማ ንጉሡ ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ የመውሊድን በዓል በወሎ በማስፋፋት ይታወቃሉ። በ1863 ያለፉት የጋታው ሰይድ ቡሽራም ከኮምቦልቻ አጠገብ ብዙ ደረሳ (የሃይማኖት ተማሪ) ያፈራ ማዕከል ትተዋል። የእነዚህ ቦታዎች መምህራን በዓረብኛ ይማራሉ፣ ይጽፋሉም፤ ሕዝቡ ግን አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። የአማርኛ መንዙማ የተወለደው ከዚህ ክፍተት ነው።

አወቃቀሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የተለመደው ግን በአላህ ምስጋና መክፈት፣ በነቢዩ ላይ ሶለዋት (የሰላምታና የውዳሴ ጸሎት) ማውረድ፣ ከዚያ ወደ ታሪኩ ወይም ወደ ወልዩ (ወደ ቅዱሱ ሰው) ውዳሴ መግባት፣ በዱዓ መዝጋት ነው። በሀድራው (መንዙማ በሚባልበት የጸሎት ስብሰባ) ላይ ቡናውና ጫቱ ቀርቦ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ አውጪው ስንኙን ይላል፤ ታዳሚው በድቤና በጭብጨባ አዝማቹን ይመልሳል። አዝማቹ ለጌጥ ብቻ የገባ አይደለም። አውጪው የሚቀጥለውን ስንኝ እስኪያስታውስ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ዓረብኛ የማያውቀውም ሰው በሁለተኛው ዙር አብሮ እንዲል ያደርገዋል። ዓረብኛው ዐረፍተ ነገር በአዝማቹ ውስጥ፣ አማርኛው ትረካ በስንኙ ውስጥ የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው። ግጥሙ የዓረብኛን የረጅምና የአጭር ድምፅ ምጣኔ አይከተልም፤ እንደ ማንኛውም የአማርኛ ግጥም ቤት ይመታል።

የሚነገሩት ታሪኮች አገር ለአገር የዞሩ ናቸው። በ1166 ባግዳድ ውስጥ ያረፉት ዓብዱልቃድር አልጀይላኒ በወሎ ቤት እንደ ጎረቤት ሽማግሌ ይጠራሉ፤ ያመጣቸው በስማቸው የሚጠራው የሱፊ ማኅበር፣ የቃዲሪያ ጦሪቃ ነው። ከሁሉ የሚገርመው ግን የነጃሺ፣ ማለትም ስደተኞቹን የተቀበለው የሐበሻ ንጉሥ፣ እና የሐበሻዊው የነቢዩ ባልደረባ የቢላል ታሪክ ነው። በ615 ገደማ የነቢዩ ባልደረቦች ወደ ሐበሻ መሰደዳቸው እዚህ ተፈጸመ፤ በዓረብኛ የሲራ (የነቢዩ የሕይወት ታሪክ) መጻሕፍት ተጻፈ፤ ከዘመናት በኋላ በመጽሐፍ ተመልሶ መጥቶ አማርኛ መንዙማ ሆነ። የራስ ታሪክ በሰው ቋንቋ ወጥቶ በሰው ቋንቋ ሲመለስ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

መንዙማ ውዳሴ ብቻ ሆኖም አልቀረም። ከደሴ ቅርብ በሆነው ቦሩ ሜዳ በ1878 ጉባኤ ተደርጎ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ በታዘዘ ጊዜ፣ ትእዛዙን ከተቃወሙት አንዱ ሸኽ ጦልሐ ጃዕፈር ነበሩ፤ በአማርኛ መንዙማቸውም በሰፊው ይታወቃሉ። መጽሐፍ በማይደርስበት ቦታ በቃል የተያዘ ስንኝ ይደርሳል፤ ማንም ፈትሾ አይወስደውም።

እነዚህ ግጥሞች ሲጻፉ በአጀሚ ይጻፋሉ፤ አጀሚ አማርኛን በዓረብኛ ፊደል መጻፍ ነው። ቀ ቃፍ በሚባለው፣ ጠ ጣ በሚባለው የዓረብኛ ፊደል ይገባል፤ እስከዚህ ችግር የለም። ዓረብኛ ለሌለው ለገ፣ ለቸ፣ ለጨ፣ ለኘና ለጰ ግን ጸሐፊው በድምፅ የሚቀርበውን ፊደል ወስዶ ነጥብ ይጨምርበታል፣ ወይም እንዳለ ትቶት አንባቢውን ያምናል። ሁሉም ጸሐፊ አንድ ዓይነት ምልክት አይጠቀምም፤ ስለዚህ አንድን መጽሐፍ ማንበብ የለመደ ሰው ሌላው ላይ ይደናቀፋል።

አናባቢው ከዚህ ይከብዳል። አማርኛ ሰባት አናባቢ አለው፤ ዓረብኛ ያለው ፈትሃ፣ ከስራና ዶማ የሚባሉት የአ፣ የኢና የኡ ምልክቶች፣ ከነረጃጅሞቻቸው ነው። ከስራ ከያ ጋር ሲመጣ ኢም ኤም ሊሆን ይችላል፤ ዶማ ከዋው ጋር ኡም ኦም። በዚህ የተነሳ “ሞት” እና “ሙት” በአጻጻፍ አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚለያቸው የስንኙ ስሜትና ቤት መምቻው ነው። ሳድሱ አንዴ በሱኩን (አናባቢ የለም በሚለው ምልክት)፣ አንዴ በከስራ ይገባል። በአንጻሩ አጀሚ የእኛ ፊደል የሌለው አንድ ሀብት አለው፦ ሸዳ፣ ማለትም ድምፁ እንደሚጠብቅ የሚያሳይ ምልክት። “አለ” የሚለውን “ተናገረ” ወይም “ይገኛል” ብለን የምንለየው ከዐውዱ ነው፤ ጸሐፊው ሸዳውን ካኖረ ግን “ይገኛል” በሚለው ትርጉም የሚጠብቀው ላም (የ“ለ” ፊደል) ላይ ምልክት አለ። አጀሚን “ጎደሎ ጽሕፈት” የሚሉ ሰዎች ይህን ባያልፉት መልካም ነበር።

አጀሚን ወደ ፊደል ለመመለስ የሚነሳ ሰው ሥራውን ከወረቀቱ ሳይሆን ከአንባቢው ቢጀምር ይሻላል። በቅድሚያ ገጾቹ ከነኅዳጋቸው ፎቶ ይነሳሉ፤ እርማትና ተጨማሪ ስንኝ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እዚያ ነውና ጽሑፉን ብቻ ቆርጦ ማንሳት ኪሳራ ነው። ቀጥሎ መንዙማውን የሚያውቅ አዋቂ ገጹን እያየ በዜማው እንዲለው ይቀዳል። ዜማው የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ያወጣል፤ ያለ ዜማ የሚነበብ ግን ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ከዚያ በፊደል ሲጻፍ የሚጠብቀው ፊደል ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ዓረብኛ የሆነው ሐረግ ከአማርኛው ተለይቶ ይሰመርበታል። ይህ ካልተደረገ “ኑር” የሚለው ቃል ፈተና ይሆናል፤ በዓረብኛ ብርሃን፣ በአማርኛ ደግሞ “ኑሮህን ኑር” የሚለው ትእዛዝ ነው፤ ገጣሚው ሁለቱንም አስቦ ሊሆንም ይችላል። ሁለተኛ ቅጂ ከተገኘ ልዩነቱ ይመዘገባል እንጂ “ትክክለኛው” ተመርጦ ሌላው አይጣልም። በቃል የኖረ ግጥም ሁለት መልክ ቢኖረው ስሕተት አይደለም።

ከወሎ የወጣው ደግሞ በዋናነት ዜማ ነው። ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በዚሁ አካባቢ ባሉ ቦታዎች ስም የሚጠሩ ናቸው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፈረንሳይ የታተሙ የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ስብስቦች እነዚህን ቅኝቶች አማርኛ ለማያውቅ አድማጭ አድርሰዋል። የተሻገረው ቅኝቱ ነው፤ ሰምና ወርቁ እዚሁ ቀርቷል። መንዙማም በካሴት ተሻግሯል፤ ነገር ግን የ60 ደቂቃ ካሴት አንዱ ፊት የሚይዘው 30 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ፣ ሌሊት ሙሉ የሚባለው ትረካ ተቆርጦ አዝማቹና ጥቂት ስንኞች ብቻ የቀሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ካሴቱን ብቻ የሰማ ትውልድ መንዙማን አጭር ነገር አድርጎ ያስበዋል።

ጥበቃው እኩል አይደለም። የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በኢትዮጵያ ብራና ማይክሮፊልም ስብስብ በቁጥር 1832 ስለተቀረጸ ቅጂው ከአገር ውጭም ይገኛል። የደሴ ሙዚየም ግን በ2021 መገባደጃ በነበረው ጦርነት ተዘርፏል። የአጀሚ ጽሑፎች በብዛት ያሉት በሸኾች ቤተሰብ እጅ፣ ብዙ ጊዜም ሳይጠረዙ በቆዳ ከረጢት ውስጥ ነው። እነዚህን በፕላስቲክ ማሸግ ወይም በማጣበቂያ ፕላስተር መጠገን ወረቀቱን ይጎዳል፤ ደረቅ ቦታ፣ ከጭስና ከአይጥ ርቆ፣ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ መጠቅለል ይበቃል። ቅጠሎቹ ተበትነው ከተገኙም በግምት መደርደር አያስፈልግም። የዓረብኛ ጸሐፊዎች ልማድ ሆኖ፣ በገጹ ግርጌ በስተግራ ለብቻዋ የተጻፈች አንዲት ቃል ካለች የሚቀጥለው ገጽ የመጀመሪያ ቃል እሷው ናት፤ ቃሏን ይዞ አቻዋን መፈለግ ነው። አቻዋ ካልተገኘች በመካከል የጠፋ ቅጠል አለ።