ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ማቆም አለበት?

የለበትም። ብዙ ምዕመናን ግን ጸበል ገብቶ ኪኒን መዋጥን እንደ እምነት ማነስ ይቆጥሩታል። እንጦጦ ማርያም ከሄዱት የኤች አይ ቪ ሕሙማን መካከል በዚሁ ምክንያት መድኃኒታቸውን የተዉ ነበሩ።

በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። የሃይማኖት ተቋማትና የመንግሥት ጤና አገልግሎት ተባበሩ ሲባል ትልቁ ፍሬ ይህን የመሰለ ቃል ነው። ሐኪም ደጋግሞ ቢመክር የማይሰማ ሰው፣ የንስሐ አባቱ "መድኃኒትህን ዋጥ" ካሉት ይውጣል። የጤና ባለሙያው ጸበሉን አይከለክልም፤ ካህኑም መድኃኒት አያስቆሙም።

መድኃኒቱ ቫይረሱን የሚያዳክመው በየቀኑ ሲወሰድ ብቻ ነው። ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይራባል፤ አንዴ እየወሰዱ አንዴ መተው ደግሞ መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርገዋል። ሰውነት ቀለል ሲል "ድኛለሁ" ብሎ ማቆም እጅግ አደገኛ ነው፤ ቀለል ማለት ቫይረሱ ከሰውነት ጠፍቷል ማለት አይደለም።

ለሱባኤ ራቅ ወዳለ ገዳም የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ለጤና ጣቢያው ይንገር፤ ለቆይታው የሚበቃ መድኃኒት ይዞ ይሂድ። ንጹሕ በሆነ ጸበል ኪኒኑን ማወራረድም ይችላል።