«ሜዳ ላይ ነው፤ ምን ይመጣል?» በኮሮና ጊዜ ስለ ገበያ የተባለውና እውነታው

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ ተነገረ። ወዲያው የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ዋጋ ሰማይ ወጣ። ነገሩ ያስቃልም ያሳዝናልም። ከሰው ራቁ የተባለው ሕዝብ መድኃኒት ፍለጋ ገበያ ሄዶ ተፋፈገ።

በወር ገደማ ውስጥ ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መጨባበጥ ተከለከለ። ታክሲ በግማሽ ሰው፣ በእጥፍ ዋጋ መጫን ጀመረ። ገበያው ግን አልተዘጋም፤ ቦታ ቀየረ እንጂ። ያን ሰሞን ስለ ገበያ ያልተባለ ነገር አልነበረም። ብዙውን እኔም አምኜዋለሁ፤ አንዳንዱን ዛሬም ሰው ሲደግመው እሰማለሁ። ሌላ ወረርሽኝ አይመጣም ብሎ የሚምል ስለሌለ፣ አንድ በአንድ ብናነሳቸው አይከፋም።

«ያኔ ገበያው ቢዘጋ ኖሮ በሽታው እዚያው ይቆም ነበር»

ይህን የሚል ሰው ቤቱ ፍሪጅ አለው።

ዛሬ ባገኘው ገንዘብ የዛሬን የሚበላ ሰው የሁለት ሳምንት አስቤዛ አያከማችም። ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት፣ ሩብ ኪሎ ቲማቲም፣ ሁለት ፍሬ ቃሪያ ይገዛል። ነገ ይመለሳል። ገበያውን ብትዘጋበት ሌላ ይፈልጋል፤ ያኛው ደግሞ ከፊተኛው የጠበበ ሊሆን ይችላል።

የሕንዷ ቼናይ ያየችውን እንይ። ኮያምቤዱ የሚባል ግዙፍ የአትክልት፣ የፍራፍሬና የአበባ ገበያ አላት። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 መጨረሻ ቫይረሱ በነጋዴዎቹና በሠራተኞቹ ላይ ተገኘ። ሜይ 5 ገበያው ተዘጋ። ታዲያ ጫኝና አውራጁ ምን ይብላ? ጓዙን ሸክፎ ወደ አገሩ ሄደ። ኩዳሎር፣ ቪሉፑራም፣ አሪያሉር የሚባሉት ወረዳዎች ብዙም ሳይቆዩ ከገበያው ጋር የተያያዙ ታማሚዎችን በመቶዎች መቁጠር ጀመሩ። በር ተዘጋ፤ በሽታው ግን በመኪና ተሳፍሮ ወጣ።

መዝጋት ሁልጊዜ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። ከመዝጋት በፊት ሠራተኛውን መመርመር፣ ማረፊያና ቀለብ ማዘጋጀት፣ ለሸማቹም ሌላ መገበያያ ማሰናዳት ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ የተዘጋው በሩ ብቻ ነው። ቼናይም ቆየት ብላ ከከተማ ውጭ ጊዜያዊ ገበያ ከፈተች። ዝናብ ሲመጣ ጭቃው ሳይቀር ከጃንሜዳ ጋር ይመሳሰል ነበር።

«ሜዳ ላይ ከሆነ ምንም አያሰጋም»

ግማሹ እውነት ነው። ግማሽ እውነት ደግሞ ከውሸት ይልቅ ያዘናጋል።

ቤት ውስጥ በርበሬ ሲታመስ ታውቃላችሁ። በርና መስኮቱ ዝግ ከሆነ ሳሎን የተቀመጠው ሁሉ ያስላል። ደጅ ላይ ከሆነ የሚያስለው ምጣዱ ላይ ያጎነበሰው ነው፤ ሌላው ጭሱ ቢሸተው ነው። የኮሮና ቫይረስም በአብዛኛው ከሰው ትንፋሽ ጋር ይወጣል። ሲያወራ፣ ሲስቅ፣ በተለይ ሲጮህ ይበዛል። ዝግ ቤት ውስጥ አየሩ ላይ ይከማቻል። ሜዳ ላይ ነፋስ ይበትነዋል። ስለዚህ አትክልት ተራን ከጠባቡ ቦታ አውጥቶ ሜዳ ላይ ማድረግ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ይህን መካድ አይገባም።

ግን «ምጣዱ ላይ ያጎነበሰው» የሚለውን አትርሱ። ጃንሜዳ ሰፊ ነው። ሰው ግን ሜዳው ላይ ተበትኖ አይገበያይም። አይሱዙው ሲገባ ኋላው ላይ ይረባረባል። ደላላው ይጮኻል፣ ገዢው ይጮኻል፣ ተሸካሚው «መንገድ! መንገድ!» እያለ መሃል ለመሃል ይሰነጥቃል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ሁሉንም ከአንድ ሸራ ሥር ይሰበስባል። ሰማዩ ክፍት ነው፤ አፍና አፍንጫ ግን አንድ ክንድ አይራራቁም።

ምያንማር ውስጥ ካሎ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በዚያው በ2020 ገበያዋን አውጥታ ዋናው መንገድ ላይ ዘረጋችው። አስፋልቱ ላይ በቀለም ምልክት ተደረገ፤ እያንዳንዱ ነጋዴ ከጎረቤቱ ርቆ በተሠመረለት ቦታ ተቀመጠ። ፎቶው ዓለምን ዞረ። ትልቅ ወጪ የለውም፤ ቀለምና የሚያስተባብር ሰው ነው። የጠቀማቸው ሜዳው ብቻ አልነበረም። መሥመሩ ነው።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። እኔና እናንተ ገበያ የምንቆየው ግፋ ቢል ግማሽ ሰዓት ነው። ሻጯ ከንጋት እስከ ማታ እዚያው ናት። መቶ ሰው ፊቷ ላይ ያወራል። አደጋው እኩል አልተከፋፈለም። «ገበያ ሄጄ ምንም አልሆንኩም» ማለት ስለ ሻጯ የሚነግረን ነገር የለም።

«የሚያስይዘን ዕቃው ነው፤ ቲማቲሙን በሳሙና እጠቡ»

አጥቤያለሁ። አልክድም። ሰላጣውም ሳሙና ሳሙና ይል ነበር። በረኪና ውስጥ የነከሩም ነበሩ፤ ይህ ደግሞ ከማያስፈልግም አልፎ ሆድ ይጎዳል። አትክልት በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፤ በቃ።

ይህን ፍርሃት ካባባሱት ታሪኮች አንዱ የቤጂንግ ነው። ሺንፋዲ የከተማዋ ዋና የጅምላ ምግብ ገበያ ነው። ቤጂንግ ለሁለት ወር ገደማ አዲስ የአገር ውስጥ ታማሚ ሳታገኝ ከቆየች በኋላ፣ በጁን 2020 ከዚያ ገበያ ታማሚዎች ወጡ። ጁን 13 ተዘጋ። ሳልመን የሚባለው ዓሣ የሚከተፍበት መክተፊያ ላይ የቫይረሱ ምልክት ተገኘ ተባለ። በማግሥቱ ዓሣው ከየሱቁ መደርደሪያ ተነሳ። ወንጀለኛው ዓሣ ሆነ!

በመጨረሻ ከ300 በላይ ሰው ተያዘ። ቫይረሱ መጀመሪያ በቀዘቀዘ ዓሣ ገብቶ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ በቻይና ተመራማሪዎች ዘንድ ቆይቷል። እንደዚያ እንኳ ቢሆን፣ ያን ሁሉ ሰው ያዳረሰው መክተፊያው አይደለም። ዓሣና ሥጋ የሚሸጥበት አዳራሽ ከመሬት በታች ነበር፤ ቀዝቃዛ፣ እርጥበት የበዛበት፣ አየር የማይዘዋወርበት። ሰዎች ቀኑን ሙሉ የሚውሉበት። በርበሬውን በዝግ ቤት ማመስ ማለት ይህ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳስታወቀው፣ ቫይረሱ ያለበትን ዕቃ በመንካት የመያዝ ዕድሉ በአጠቃላይ ከ10 ሺህ አንድ እንኳ አይሞላም።

እጅ መታጠብ ይቅር ማለት አይደለም። ብር ቆጥረን እንጀራ የምንቆርስ ሕዝብ ነን። ለታይፎይድና ለአሜባ ሲባል ብቻ እንኳ መታጠብ አለበት። ነገር ግን በር ላይ ሳሙናና ውኃ አስቀምጦ፣ ውስጥ ሕዝቡን እንደ ሰርዲን ማጨቅ ዋናውን ነገር መሳት ነው።

«መድኃኒት ከተረጨ ጸዳ»

ይህ እንኳ ከኮሮናም ይቀድማል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ ገብቶ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10 ሺህ ሰው እንደገደለ ይገመታል። ዓለም «የስፔን ጉንፋን» የሚለው ነው። ከዚያ ወዲህ ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር ቆሻሻ ሰብስበን እናቃጥላለን፤ ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ በጭስ ይታፈናል። በሽታን በጭስ ማባረር የሚለው ሐሳብ አጥንታችን ውስጥ አለ። ስለዚህ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ታንከር ይዘው፣ ጎዳናና ገበያ ሲረጩ ስናይ ልባችን ረጋ።

የዓለም ጤና ድርጅት ግን ገና በሜይ 2020 ጎዳናና ክፍት ገበያ ላይ መርጨትን እንደማይመክር ገልጿል። አቧራና ጭቃ ኬሚካሉን ያረክሰዋል፤ የተነካካውንም ሁሉ አያዳርስም። ሰው ላይ መርጨት ደግሞ በምንም ሁኔታ አይመከርም ብሏል፤ ዓይን፣ ቆዳና ሳንባ ይጎዳል። ለነገሩ የተረጨው መሬቱ ነው። በማግሥቱ የሚተነፍሰው ሰው አልተረጨም። ቆሻሻን መጥረግ ጥሩ ነው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

«በር ላይ ሙቀት ተለክቷል፤ ያለፈው ሁሉ ጤነኛ ነው»

አይደለም። ሰው ምልክት ከማየቱ ሁለት ቀን ገደማ ቀድሞ ማስተላለፍ ይችላል። አንዳንዱ ጭራሽ አያተኩሰውም። ያቺ ሽጉጥ የምትመስል መለኪያ ግንባራችን ላይ ስትደገን ለጊዜው አስፈራርታናለች፤ ሌላ ብዙ የሠራችው ነገር የለም።

«የገበያ ቀንና ሰዓት ቢቀነስ ሰው ይቀንሳል»

ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። ግን ሂሳቡን ሥሩት። መቶ ሰው በ10 ሰዓት ውስጥ ሲገበያይ በሰዓት 10 ሰው ነው። 5 ሰዓት ብቻ ክፈቱ ከተባለ 20 ይሆናል። ሰዓቱ ጠበበ፣ ሰውም ተጣበበ።

ፔሩ ይህን በራሷ ላይ ሞከረችው። በኤፕሪል 2020 መጀመሪያ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ወንዶች ብቻ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሴቶች ብቻ ከቤት ይውጡ የሚል ደንብ አወጣች። እሑድ ማንም አይወጣም። አስቤዛ የሚገዛው ማን ነው? እዚያም እንደ እኛው በአብዛኛው ሴቷ ናት። በሴቶች ቀን ገበያዎቹ አፋቸው ድረስ ሞሉ። ደንቡ በ8 ቀኑ ተሻረ። በፔሩ እ.ኤ.አ. የ2017 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ፍሪጅ ያለው ቤት ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር። ያን ቁጥር አስቀድሞ ያየ ሰው ደንቡን ባላወጣው ነበር ብዬ አስባለሁ።

መፍትሔው ተቃራኒው ነው፤ ሰዓቱን ማስረዘም። ጅምላው ሌሊት፣ ችርቻሮው ቀን። ነጋዴውን በፈረቃ ማስቀመጥ። አትክልት ተራ እኮ ድሮም ሌሊት የሚነቃ ገበያ ነው። ለጫኝና አውራጁ ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም ነበር።

«መርካቶ ነው ያመጣብን»

በግንቦት 2012 ከአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚነገረው ቁጥር ጎልቶ ወጣ። መርካቶ ደግሞ እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ «ከመርካቶ ነው የመጣው» የተባለ ሰው ጎረቤት በሩን ይዘጋበት ጀመር። ነጋዴውም ቢያስለው ይደብቃል፤ ምርመራ ቢመጣ ይሸሻል። ለምን አይሸሽ? ቢገኝበት ሱቁም ስሙም ይዘጋል። በሺንፋዲ መጀመሪያ ከተመረመሩት 517 ሰዎች 45ቱ ተገኝቶባቸዋል። በዚያን ጊዜ ምልክት አልነበራቸውም። የሚደበቁ ቢሆኑ ኖሮ ማን ያውቅ ነበር? ነጋዴው በሽታውን ከቤቱ አልፈለፈለውም። ከሁላችን ተቀበለው፤ ለሁላችንም ሊያቀብል የሚችል ቦታ ላይ ተቀምጧልና።

«ገበያው ከተከፈተ አልፏል ማለት ነው»

የቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ ዋጋዱጉ ትልቁ ገበያዋን፣ ሩድ ዎኮን፣ በማርች 2020 መጨረሻ ዘግታ ኤፕሪል 20 ከፈተችው። ቫይረሱ ስላለቀ አልነበረም። ነጋዴው ከዚያ በላይ መቆየት ስላልቻለ ነው። ስለዚህ ጭምብልና እጅ መታጠብ ግዴታ ሆኖ ተከፈተ። መክፈት ብዙ ጊዜ የሆድ ውሳኔ ነው፤ የጤና ምሥክር ወረቀት አይደለም።

ሺንፋዲም በኦገስት ሲከፈት እንደ ድሮው አልሆነም። መጀመሪያ የገቡት የጅምላ ነጋዴዎች ናቸው፤ ኪሎ ሽንኩርት የሚፈልገው ተራ ሸማች ሌላ ቦታ ይግዛ ተባለ። ኮያምቤዱም በሴፕቴምበር በየተራ ነው የተከፈተው። ቁጥር እያዩ፣ አንድ ዘርፍ እየጨመሩ። እኛ ዘንድ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ 5 ወሩን ጨርሶ ሲያበቃ ብዙ ሰው ጭምብሉን አገጩ ላይ አወረደ። ከዚያም ኪሱ ውስጥ።

«ጊዜያዊ ነው፤ ይመለሳል»

ይህኛውን ስለ ጃንሜዳ ያላለው ሰው የለም። ግን ጥምቀት ደረሰ። ጃንሜዳ የጥምቀት ሜዳ ነው፤ ታቦታቱ የሚያድሩበት። በታኅሣሥ 2013 ገበያው ከዚያ ተነሳ። ወራት ያስቆጠረ ቆሻሻና የበሰበሰ አትክልት በዘመቻ ተጠረገ፤ ጥር 11 በዓሉ እዚያው ተከበረ። የጅምላ ገበያው ግን ወደ ፒያሳ አልተመለሰም። ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ በተሠራለት አዲስ ቦታ ገባ፤ የከተማዋ ሌላኛው ጫፍ። ፒያሳ ዙሪያ ጉልት የምትቸረችር ሴት ድሮ በእግሯ የምታመጣውን ሽንኩርት ከዚያ በኋላ የመኪና ከፍላ፣ ከተማውን አቋርጣ ታመጣው ጀመር።