ተራ በተራ የሚካሄድ የስልት ጌም ምንድን ነው? ተጫዋቾችስ ለምን አይስማሙበትም?

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ የጌም ወሬ ሲነሣ በአብዛኛው የሚወራው ስለ እግር ኳሱ ነው፤ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ በጨዋታ ሒሳብ እየከፈለ መጫወት የለመደ ወጣት፣ ጣቱ እንደ ዓይኑ ካልፈጠነ ጌም የተጫወተ አይመስለውም። እንዲህ ላለው ሰው በጥንቷ ሮም ዘመን ላይ የተመሠረተውን «ኤክስፔዲሽንስ፡ ሮም» የተባለውን ጌም ላፕቶፕ ላይ ከፍተው ቢያሳዩት፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ጠላት ሰይፉን መዝዞ፣ ፊት ለፊት ቆሞ ተራውን ይጠብቃል እንዴ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዚህ ዓይነቱ ጌም ወዳጆችና ነቃፊዎች በዋናነት የሚለያዩትም በዚሁ በተራ ጉዳይ ነው።

ተራ በተራ የሚካሄድ የስልት ጌም ማለት፣ ተጫዋቹ ጥቂት ተዋጊዎችን እየመራ፣ ብዙ ጊዜ በካሬ ወይም ባለ ስድስት ማዕዘን በሆኑ ትንንሽ ቦታዎች በተከፋፈለ ሜዳ ላይ፣ ሰዓት ሳያጣድፈው አስቦ ትእዛዝ የሚሰጥበት ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ተዋጊ በአንድ ተራ የሚራመደው ርቀትና የሚፈጽመው ተግባር የተወሰነ ስለሆነ፣ ወደፊት መጠጋትን የመረጠ ሰው ብዙ ጊዜ መልሶ ከጠላት መሸሸጊያ የለውም። ተዋጊዎቹ ስም፣ ታሪክና ጠባይ ያላቸው ገጸ ባሕርያት ሲሆኑ፣ ከውጊያ ወደ ውጊያም ልምድ እያካበቱ ሲያድጉ፣ ተጫዋቹም በንግግር ምርጫው የታሪኩን አካሄድ መለወጥ ሲችል፣ ጌሙ የስልት ብቻ ሳይሆን የሚና ጨዋታም ይሆናል።

የዘር ሐረጉ ረጅም ነው። የፕሩሲያ መኮንኖች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በካርታና በዳይስ የጦር ስልት ይለማመዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ የታተመው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በሠራዊት ፋንታ አንድን ጀግና መጫወትን አመጣ፤ በ1990 ጃፓን ውስጥ የወጣው «ፋየር ኤምብለም» ሁለቱን በቪዲዮ ጌም አዋሐደ። እ.ኤ.አ. በ2023 «ባልደርስ ጌት 3» ባገኘው ታላቅ ተቀባይነት የተነሣ ደግሞ፣ ከዚያ በፊት ተራ መጠበቅን ንቀው ያለፉ ብዙ ሰዎች ወደዚህ ወገን ገብተዋል።

ለአገራችን ሰው ግን ሐሳቡ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በቀድሞው ዘመን መኳንንቱ ይጫወቱት የነበረው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ «ወረራ» የሚባል መክፈቻ አለው፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱ ተጫዋቾች ማንም ማንንም ሳይጠብቅ፣ እጃቸው እንደፈጠነ፣ ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ፤ ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። እነዚህ ጌሞችም ሥርዓታቸው በጣም ይቀራረባል፤ ከውጊያ ውጭ ባለ ታሪኩ በገበያውም በሰፈሩም እንደ ልቡ ይዘዋወራል፣ ያወራል፣ ይነግዳል፤ ጠብ ሲጫር ግን ጊዜው ይቆምና ሁሉም ተራውን ይይዛል። ስለዚህ «ተራ መጠበቅ የሰነፍ ጨዋታ ነው» የሚለውን ነቀፋ እኔ አልቀበለውም። ፍጥነትን ከጣት ወስዶ ለሐሳብ መስጠት ነው እንጂ ስንፍና አይደለም።

ተራ ራሱ ሁለት ዓይነት መሆኑ፣ በተጫዋቾች መካከል ያለውን ክርክር ለመረዳት መታወቅ አለበት። በአንደኛው ዓይነት፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው «ኤክስኮም፡ ኤኒሚ አንኖውን»ና በ«ኤክስፔዲሽንስ፡ ሮም»፣ አንዱ ወገን ተዋጊዎቹን ሁሉ በፈለገው ቅደም ተከተል አንቀሳቅሶ ሲጨርስ ተራው ለሌላው ወገን ያልፋል። በሁለተኛው ዓይነት፣ ለምሳሌ በ«ባልደርስ ጌት 3»፣ የሁለቱም ወገን ተዋጊዎች ተደባልቀው እያንዳንዱ በየራሱ ወረፋ ይገባል። የመጀመሪያው ለቅንብር ይመቻል፤ ጦረኛው ጋሻ ያዡን ጠላት ከበር ላይ ገፍቶ ሲያነሣው፣ ቀስተኛው በተከፈተው በር አሻግሮ ይወረውራል፣ ሁለት ሰይፍ የያዘው ፈጣን ተዋጊ ገብቶ የቆሰለውን ይጨርሳል፣ የራስ ወገን ጋሻ ያዥ ደግሞ በሩን ይዘጋል፤ ይህ ሁሉ ጠላት አንድ እርምጃ ሳይራመድ ሊፈጸም ይችላል። ነቃፊዎች «ቀድሞ የጀመረ አሸነፈ» የሚሉት ስለዚህ ነው፤ ቅሬታቸውም ከእውነት የራቀ አይደለም። የግል ወረፋው ዓይነት ይህን ጉድለት ያርማል፤ ነገር ግን ተዋጊዎች ሲበዙ አንድ ሰው የራሱ ወረፋ እስኪደርስ ቡና ሊያፈላ ይችላል።

ሌላው የማያልቅ ክርክር ዕድልን ይመለከታል። በ«ኤክስኮም» እያንዳንዱ ተኩስ ኢላማውን የመምታት ዕድሉ በመቶኛ ይጻፋል፤ 85 በመቶ ተብሎ የተጻፈ ተኩስ ሲስት የሚሰማው እሮሮ ለጉድ ነው። ሒሳቡ ግን ግልጽ ነው፤ አራት ወታደሮች እያንዳንዳቸው በ85 በመቶ ዕድል ቢተኩሱ፣ አራቱም የመምታታቸው ዕድል 52 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ እቅዱን አራቱም እንደሚመቱ አድርጎ የሠራ ሰው በሳንቲም ውርወራ ላይ ተማምኗል ማለት ነው። የዚህ ጨዋታ ጥሩ ተጫዋች «ቢስትስ?» ብሎ አስቀድሞ የሚጠይቅና ለመሳቱም አንድ ሰው በተጠባባቂነት የሚያስቀር ነው። ዕድልን የሚጠሉ ሰዎች አሉ፤ መብታቸው ነው፤ ዕድል ጨርሶ ቢወጣ ግን እያንዳንዱ ውጊያ አንድ መልስ ብቻ ያለው እንቆቅልሽ ወደ መሆን እንደሚያዘነብል ማስተዋል ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሮሙ ጌም እንመለስ። የሠራው ኮፐንሃገን የነበረው ሎጂክ አርቲስትስ የተባለ የጌም ኩባንያ ሲሆን፣ የወጣውም እ.ኤ.አ. በጥር 2022፣ ስለ ስፔን ወራሪዎችና ስለ ቫይኪንጎች ከተሠሩት ሁለት ቀዳሚዎቹ በኋላ ነው። ባለ ታሪኩ፣ ወንድም ሴትም መሆን የሚችል ወጣት፣ አባቱ ሲገደል ከሮም ሸሽቶ የሮማዊውን የጦር አዛዥ የሉኩሉስን ጦር ይቀላቀላል፤ ከዚያም በግሪክና በትንሿ እስያ፣ በሰሜን አፍሪካ፣ በመጨረሻም በጎል፣ ማለትም በዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ፣ ይዘምታል። ተጫዋቾች በሰፊው የሚያመሰግኑት የቡድኑን ውጊያ ነው፤ የተዋጊው ችሎታ በከፊል ከያዘው መሣሪያ ጋር ስለሚመጣ፣ አዲስ ጦር ማግኘት አዲስ ዘዴ ማግኘት ይሆናል። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

በሰፊው የሚያማርሩት ደግሞ የሌጌዎኑን፣ ማለትም የሮምን ክፍለ ጦር፣ ዘመቻ ነው። ተጫዋቹ ከቡድኑ ሌላ መላ ጦር ይመራል፤ ግዛት ይይዛል፣ ሰፈሩን ይገነባል፣ የመቶ አለቆችን ይሾማል። ታላላቆቹ ጦርነቶች ሲመጡ ግን ከቀረቡለት የስልት ካርዶች አንዱን መርጦ፣ ውጤቱን ከመመልከት በቀር የሚሠራው ብዙ የለም። በቡድን ውጊያ እያንዳንዱን እርምጃ ሲያሰላ የቆየ ሰው፣ ሺህዎች በሚዋጉበት ሜዳ ተመልካች መሆኑ ያበሳጨዋል፤ ግዛት በተያዘ ቁጥር ተመሳሳይ ሥራ መደጋገሙም ያሰለቻል። ተከላካዮቹ «ጄኔራል ያዝዛል እንጂ ሰይፍ አይመዝዝም» ይላሉ። መልሱ ያስቃል፤ አያጠግብም ግን።

የታሪክ ሰዎች የሚያነሡት ነቀፋ ደግሞ ጠለቅ ያለ ነው። የጌሙ የተዋጊ ምድቦች ፕሪንኬፕስ፣ ቬለስ፣ ትሪያሪየስና ሳጊታሪየስ ይባላሉ። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የቀድሞው የሮም ጦር አሰላለፍ ስሞች ሲሆኑ፣ ጌሙ በሚተርክበት በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ግን ያ አሰላለፍ ቀርቶ ነበር። ትሪያሪየስ በእውነተኛው ታሪክ በሦስተኛው ረድፍ የሚቆም አንጋፋ ጦረኛ ነበር፤ ጌሙ ግን ጓዶቹን የሚያክምና የሚያግዝ አድርጎታል። ይህን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ፊቱን ማጨማደዱ አይቀርም፤ ለሚና ጨዋታ ግን አካሚ የግድ ስለሚያስፈልግ፣ ስሙን ከታሪክ ተበድረው ሥራውን ከጨዋታው ልማድ መስጠታቸው ነውር አይመስለኝም።

በሮም ዓይነት ዓለም ውስጥ ሆኖ ተቃራኒውን መንገድ የሚያሳይ ጌም የሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን «ዘ ኤጅ ኦፍ ዲከደንስ» ይመልከት። እዚያ በአንደበትና በተንኰል ብቻ፣ አንድም ጊዜ ሰይፍ ሳይመዝዙ ታሪኩን መጨረስ ይቻላል፤ ተዋጊ ልሁን ያለ ጀማሪ ግን ገና በመጀመሪያው ጠብ ሊገደል ይችላል። ለስልቱ ለመጣ ሰው የሮሙን፣ ለሚናው ለመጣ ሰው ይህኛውን አስቀድሜ እሰጣለሁ፤ ከእግር ኳሱ ለሚመጣው ወጣት ደግሞ የሮሙን በቀላሉ የክብደት ደረጃ፣ የሌጌዎኑን ዘመቻ እንዲታገሥ አስቀድሜ ነግሬ።