«ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ»

በቅርቡ አንድ ወጣት ቴክኒሻን ከሬዲዮው ወደ አንቴናው በሚሄደው ኬብል ላይ የኤስ ደብልዩ አር ሜትር (ከተላከው ኃይል ምን ያህሉ ከአንቴናው እንደሚመለስ የሚጠቁም መለኪያ) አስገብቶ ሲለካ መርፌው 3 ላይ ቆመበት። ኃይሉን ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት ከፍ አድርጎ፣ ሜትሩንም ዳግም ልክ አስይዞ ቢሞክር ያው 3 ሆነ፤ «ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ሜትሩ ሞቷል» አለ። «መልሶ» የምትለዋን ቃል ጥሏታል። (የዛሬ ልጆች እንቦጭ ሲባሉ የጣናን አረም እንጂ የውኃውን ድምፅ አያስቡም።)

አያቴ ገብስ ስትፈትግ ሙቀጫው ውስጥ ውኃ የምታርከፈክፈው በመጠኑ ነበር፤ እህሉ የዘነዘናውን ምት ተቀብሎ ያስቀረዋል፣ ቅርፊቱም ይለቃል። አንድ ቀን ዘወር ስትልልኝ ባዶውን ሙቀጫ በውኃ ሞልቼ ባለ በሌለ ኃይሌ ብወቅጠው ውኃው ተመልሶ ፊቴን አጠበኝ፤ ጠንክሬ በወቀጥሁ ቁጥርም የባሰ ረጠብሁ። ተረቱ የተወለደው ውኃ በበዛበት ፍተጋ ላይ ነው ብዬ የማምነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ከንቱ ድካምን ብቻ ለመናገርማ ውኃን በወንፊት መቅዳት ይበቃ ነበር፤ ወቀጣ የተመረጠው ምቱ ወደ ወቃጩ ስለሚመለስ ነው።

ኬብሉም እንደዚያው ነው። ባለ 50 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው) ኬብል 50 ኦም የሆነ አንቴና ሲያገኝ ኃይሉ እንደ እህሉ ይዋጣል፤ አንቴናው 150 ኦም ቢሆን ግን ከኃይሉ ሩቡ ይመለስና ከሚሄደው ሞገድ ጋር ተደራርቦ በኬብሉ ላይ ቮልቴጁ ከፍ ያለባቸውና ዝቅ ያለባቸው ቦታዎች ይፈጠራሉ። የከፍተኛው ለዝቅተኛው ንጽጽር 3 ነው የሚባለው ይህ ነው። ከ50 ዋት 12.5፣ ከ100 ዋት 25 ይመለሳል፤ ንጽጽሩ ስለማይለወጥ ሜትሩ እውነቱን ተናግሯል። ሜትር የሚሸነግለው ኬብሉ ረጅምና ኃይል የሚበላ ሲሆን ነው፤ ተመላሹ በመንገድ ስለሚደክም ሬዲዮው ዘንድ የሚነበበው ቁጥር ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናልና፣ አንቴናው ሥር መለካት ይሻላል።

ተረቱ የሚወቅሰው ወቃጩን እንጂ ውኃውን አይደለም። ትምህርት ያልገባውን ልጅ «ውኃ ቢወቅጡት» እያሉ የሚያሸማቅቁ መምህራንም ዘነዘናው በማን እጅ እንዳለ ዘንግተዋል። ለማንኛውም፣ ወጣቱ ሬዲዮውን አጥፍቶ የአንቴናውን ማገናኛ እንዲፈታ ነገርሁት፤ ሲፈታው የክረምቱ ዝናብ ውስጡ አቁሯል።